ድምፅ የሌላት ተሽከርካሪ በርብ ጎርፍ

ኤሌክትሪክን መጀመሪያ ያወቅሁት በበሬ ሞት ነው። ወረታ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ አንቀሳቅስ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ ክረምት ሽቦ ተበጥሶ በግቢያችን በተኛው ውኃ ላይ ወደቀ። ሊጠጣ የተጠጋ የጎረቤት በሬ ከንፈሩ ውኃውን ሳይነካ ተንበረከከ። አልጮኸም። ጌታውም እኔም ቆመን አየነው እንጂ ልንጠጋው አልደፈርንም።

ከትምህርት ቤት የወጣሁት ገና በልጅነቴ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ያገኘሁትን የኤሌክትሪክ መጽሐፍ ሁሉ እየገዛሁ ራሴን አስተማርሁ። ብዙ ነገር ገባኝ፤ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። ክፉ ነገር አይቶ የማያውቅ ሰው ደፋር አይባልም፤ ያልደረሰበት ነው የሚባለው።

ልጄ ከቴክኒክና ሙያ በመኪና ጥገና ተመርቃ ቤት ተቀመጠች። በዚያ ዘመን ሥራ ላጣ ወጣት ሁሉ መልሱ «ተደራጅ» ነበርና፣ እሷም ከጓደኞቿ ጋር በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጀች። ከተማው የቆርቆሮ ሼድ ሰጣቸው። አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ በባትሪ የሚሄድ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ፈታቶ ዕቃውን በሣጥን እያሸገ ይልክላቸዋል፤ እነሱ ይገጣጥማሉ። ተሽከርካሪዋ ነዳጅ አትጠጣም፣ አትጨስም፣ ድምፅም የላትም። የወረታ ባጃጅ ነጂዎች «ድመቷ» እያሉ ይሣለቁባት ነበር።

ልጄን ይቅርብሽ አልኋት። የባትሪ ኃይል የመፈልፈያውን ሽቦ ያህል እንደማይገድል ልታስረዳኝ ሞከረች። እሳት ትንሽና ትልቅ የለውም ብዬ መለስሁላት። እናቷ ግን ልጅቱ ቤት ውስጥ እየመነመነች መሆኗን ነገረችኝ። ሥራ ክቡር ነው እያልሁ ያሳደግሁ ሰው፣ ሥራ ስታገኝ አትሂጂ ማለት ከበደኝ። ዝም አልሁ፤ ዝምታዬን ፈቃድ አድርገው ወሰዱት።

ክረምቱ ሲከብድ ነጋዴው የላከው ሰው መጣ። የገጣጠሟት ተሽከርካሪ ሰውና ሩዝ ጭና ከገጠር መንደር ይፋግ ገበያ ስትደርስ በዓይኑ ካየ፣ ዕቃው መላኩ ይቀጥላል። ካልደረሰች ሼዱ ይዘጋል፣ ልጆቹም ይበተናሉ። የምትነዳው ልጄ ናት ሲሉኝ፣ እኔም ከኋላ ከነጋዴው ሰው ጋር እቀመጣለሁ አልሁ።

ሞተር ሲጮህ ጤናውንና ሕመሙን በጆሮዬ እለያለሁ። የዚህችን ግን በምን ልለየው? የሚሰማኝ የጎማው ፍትጊያ ብቻ ነበር። በጥርጊያው መንገድ ላይ የተኙት ከብቶች መምጣታችንን ስላልሰሙ አልተነሡም፤ ልጄ እየወረደች ታስነሣቸው ነበር። ከመንደሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬና ሚስታቸው ሩዛቸውን ጭነው ተሳፈሩ። ሽማግሌው ጆሯቸውን ወደ ወለሉ ዘንበል አድርገው ቆዩና፣ «ትንፋሽ የላትም። ይህች እኮ ለሌባ የተሠራች ናት» አሉ። ሚስታቸው ሣቁ። እኔ መሣቅ አልቻልሁም።

ከመንደሩ ወደ ገበያው ስንመለስ፣ ጠዋት ደረቅ የነበረው ጥርጊያ ጠፍቷል። ከላይ አገር ዘንቦ የርብ ወንዝ ሞልቷል፤ ማሳው፣ ቦዩና መንገዱ አንድ ቡናማ ውኃ ሆነዋል። ገበያተኞች በእግራቸው እየተሻገሩ ነበር። እኛ የፎገራ ሰዎች ጎርፍ ለየብቻ አንሻገርም። ጉልበተኛው መሬቱን በዱላ እየሞከረ ከፊት ይመራል፣ ደካማው መሐል ይገባል፣ ሁሉም እጅ ለእጅ ይያያዛል። የአንዱ እግር ቢከዳው የግራና የቀኙ ያነሣዋል።

ልጄ ተሽከርካሪዋን ከውኃው ጠርዝ አቆመች። ሱሪዋን ሰብስባ ገብታ ለካችውና ተመለሰች። የባትሪው ሣጥን ዝቅ ያለ ነው፣ ውኃው ደግሞ ጉልበቴን አልፏል፣ አልነዳም አለችው ለነጋዴው ሰው። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም በበኩሉ ለጌታው መልስ መስጠት አለበት። አገሩ የጎርፍ አገር ነው፣ ውኃ የምትፈራ ከሆነ ማን ይገዛታል ብሎ ተከራከራት። እሷ ቁልፉን ነቅላ ስታስረክበው በልቤ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ሼዱ ትዝ አላለኝም፤ እውነቱን ለመናገር የጓደኞቿ እንጀራ በዚያች ሰዓት ከሐሳቤ አልነበረም።

ሁላችንም ወረድን፣ ሰውየው ብቻውን ነዳት። መሐል ደርሳ ጎማዋ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረና ቆመች። የፍጥነት እጀታውን ቢጠመዝዝ ምንም የለም። ቁልፉን ሳያጠፋ በድንጋጤ ዘሎ ወርዶ ወደ እኛ ሮጠ።

በአገራችን የቆመ መኪና አይቶ የሚያልፍ ሰው የለም። የሚሻገሩት ገበያተኞች እንደተያያዙ ወደ እሷ ዞሩ። ሽማግሌው የጭነት ገመዳቸውን ይዘው ቀድመው ገቡ፤ በግራ እጃቸው የሰልፉን መጨረሻ ሰው ይዘው በቀኛቸው ገመዱን ከፊቷ ብረት ያስገቡ ጀመር። ድምፅ ስለሌላት ሁሉም ሞታለች ብለዋል። እኔም ብዬ ነበር።

ልጄ ከዳር ሆና ለሽማግሌው፣ «አባባ፣ ከፊቷ ዞር ይበሉ። አልጠፋችም» አለች።

ሽማግሌው ወደኛ ሳይዞሩ፣ «ተይ ልጄ፣ ሬሳ መጎተት ለኔ አዲስ አይደለም» አሉ።

ቃላቸውን ሳይጨርሱ ተሽከርካሪዋ አንድ ድምፅ ሳታሰማ ወደ ፊት ዘለለች። ሽማግሌው ከእግሯ ሥር ጠፉ። ሚስታቸው አጠገቤ ቆመው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሽማግሌው ግን ግራ እጃቸውን ያልለቀቀ ሰው ነበረና ጎትቶ አወጣቸው፤ ጭቃ እየተፉ ብቅ አሉ። ገመዱ ግን ከእጃቸው አንጓ ላይ ተጠምጥሞ፣ ሌላው ጫፉ ከብረቱ ጋር ታስሮ ቀርቷል። ተሽከርካሪዋ ቆማለች። ቆማለች ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን ከዚያ ወዲያ ማንም አያውቅም።

ልጄ ወደ ውኃው ተራመደች። ክንዷን ያዝሁ። በሬው በዓይኔ መጣብኝ፤ ያ አንበረካከኩ። ብዙ ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ የወጣኝ ግን «አትሄጂም» የሚል ብቻ ነው።

«ውኃ ገብቷት ነው ራሷ የምትነሣው» አለችኝ። «ሽማግሌው ታስረዋል። አባየ፣ ይልቀቁኝ።»

ለቀቅኋት። ይህን የምጽፈው ጀግና ነበርሁ ለማለት አይደለም። ጣቶቼ ናቸው የላሉት፤ እኔ እስከ ዛሬ አልለቀቅኋትም።

በጎን በኩል ዞራ፣ ከመንኮራኩሯ ራቅ ብላ ጎንበስ አለች። ክንዷ ከመቀመጫው ሥር እስከ ትከሻዋ ድረስ ውኃ ውስጥ ገባ። ጉንጯ ውኃውን ነካ። መጸለይ ፈልጌ ጸሎቱ ጠፋብኝ። ከዚያ ቀና አለችና የተነቀለውን ወፍራም የባትሪ ሽቦ ከውኃው በላይ አንሥታ አሳየችን፤ በሌላ መንገድ እንደማናምናት ታውቃለች። «አሁን ሞታለች» አለች።

ሽማግሌውን ፈትተው በዚያው የጭነት ገመድ ጎተቷት። ዳር ሲደርሱ ሚስታቸው ተቆጧቸው፤ ሽማግሌው ደግሞ ሌባ ናት ብያት ስለሰማችኝ ነው የተበቀለችኝ አሉ። ሰው ሁሉ ሣቀ። የልጄ ጥርስ ይንቀጫቀጭ ነበር።

ለነጋዴው ሰው አንድም ሳትደብቅ ነገረችው፦ ሣጥኑ ከፍ ማለት አለበት፣ የእጀታው ሽቦ መታሸግ አለበት፣ እስከዚያ ሰው አይጫንባትም። እንዲህ ማለቷ ሼዱን ሊያዘጋ እንደሚችል ታውቃለች። ሰውየው ያየሁትን እነግራለሁ ብሎ ሄደ። ጓደኞቿ አኮረፏት። ዘግይቶ ነው፣ ሣጥኑ ከፍ ይበል የሚል መልስ መጥቶ ዕቃው መላኩ የቀጠለው፤ ከጊዜ በኋላም ዶላር ጠፋ ተብሎ ቆመ።

ያን ጊዜ ግን ይህን ማናችንም አናውቅም። በማግስቱ የሥራ ልብሷን ስትለብስ አገኘኋት። አትሂጂ የምልበትን ምክንያት ሁሉ ሳዘጋጅ ነበር ያደርሁት። እሷ የባትሪውን ሣጥን ከፍ ሳናደርገው ከቀረን ሌላ ሰው እንዲሁ እንዳለች ይነዳታል አለችኝ። ከመፈልፈያው ቤት ትርፍ ብረት ተሸክሜ ተከተልኋት።

ሼዱ ውስጥ ልጄ ብየዳውን ስትጀምር ሁሉም ፊቱን አዞረ። እኔ ቆሜ እጇን አየሁ። ማታ ዓይኔ አሸዋ እንደገባበት ይቆጠቁጠኝ ጀመር። እናቷ በቀዝቃዛ ጨርቅ እየያዘችልኝ፣ ይህን ያህል ያነበበ ሰው እንዴት የብየዳ እሳት ያያል ብላ ጠየቀችኝ።

እሳቱን አይደለም ያየሁት አልኋት።