ከፈረሶች ጋር የምትውለው ብስክሌት

በደርግ ዘመን ነው። ከሸዋ ተመድቤ ጎባ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። የምኖረው ግን ሮቤ ነው፤ ከተጋባን ስድስት ወር ያልሞላን ባለቤቴ እዚያ አስተማሪ ነበረች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወደ ጎባ ዳገቱን በብስክሌት እወጣለሁ፤ ማታ ቁልቁል እመለሳለሁ፣ ፍሬኑ ከያዘ። መንዳቱን ለመድኩት። ችግሩ ከደረስኩ በኋላ ብስክሌቷን የት ላቁማት የሚለው ነበር።

መጀመሪያ ኮሪደር ውስጥ አስገባኋት። አለቃዬ ወለሉ ላይ ያለውን ጭቃ አይተው "ይህ መሥሪያ ቤት ነው ወይስ ጋራዥ?" አሉኝ። ከዚያ በሩ ፊት ለፊት ከቆመው የመፈክር ሰሌዳ እግር ጋር በሰንሰለት ቆለፍኳት። ሌባው ሰንሰለቱን አከበረ፤ ኮርቻዋን ነቅሎ ሄደ። ያን ዕለት እስከ ሮቤ ድረስ ቆሜ ነዳሁ፤ ያየኝ ሁሉ ምን ነገር አጣድፎት ነው እያለ መንገድ ለቀቀልኝ። ቀጥሎ ቀበሌ ወሰድኳት። ሊቀመንበሩ በደስታ ተቀበለኝ፤ ማታ ስሄድ ግን ብስክሌቷ ከእኔ በላይ ደክሟታል። ለካ ቀኑን ሙሉ የስብሰባ ጥሪ ሲያዞርባት ውሏል። "ለአብዮቱ ነው" አለኝ። ለአብዮቱ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል?

በመጨረሻ ከመሥሪያ ቤቱ ማዶ ያሉትን አዛውንት አገኘሁ። ከገጠር በፈረስ የሚመጣ ሰው ፈረሱን እሳቸው ግቢ አስሮ ጉዳዩን ይጨርሳል። ከእኛ መሥሪያ ቤት እንኳ የፊርማ መዝገብ የሚይዘው ሰውዬ በቅሎውን በየጠዋቱ የሚተወው እዚያ ነበር። ብስክሌቴን ይዤ ስገባ ሽማግሌው ዞረው ዞረው አዩአት።

"ምን ትበላለች?" አሉኝ።

"ምንም አትበላም አባባ። አልፎ አልፎ ጠብታ ዘይት።"

"ትራገጣለች?"

"ሰንሰለቷ ሲወልቅ ብቻ።"

"ጋሪ ነው፣ ኢልማ ኮ። አማና ነች እንግዲህ" ብለው ከበቅሎዋ አጠገብ በገመድ አሰሩልኝ። በኦሮምኛ ጋሪ ማለት ጥሩ፣ ኢልማ ኮ ልጄ፣ አማና ደግሞ አደራ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ብሎን አልጎደለባትም።

እሳቸው ዘንድ ወረቀት የለም፣ ቁጥር የለም። ሕጉ አንድ ነው፦ ፈረሱን ከሰጣቸው እጅ በቀር ለማንም አይመልሱም። ድሮ የአንዱን ፈረስ ለገዛ ወንድሙ ሰጥተው፣ ወንድማማቾቹ እስኪሸመገሉ ድረስ ተኳርፈው ኖረዋል አሉ። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ሕግ ሌላውን ሰው ሲይዝ ደስ ይላል።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ረፍዶብኝ ስደርስ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በር ላይ አገኘኝ። "አንተ ሩጥና ፈርም፤ እሷን እኔ አደርስልሃለሁ" ብሎ ብስክሌቷን ተቀበለኝ። ከሰዓት በኋላ ያው ባልደረባዬ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በጭነት መኪና አንገቱ ወደሚባል ሩቅ አገር ተጫነ። ማታ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ።

"የሰጠኝ ልጅ የታለ?" አሉኝ።

"ዘመቻ ሄዷል አባባ። የሚመለሰው ከወር በኋላ ነው።"

"እንግዲያው ከወር በኋላ ና።"

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

"አባባ፣ የኔ መሆኗን ያውቃሉ እኮ። በየቀኑ የማመጣት እኔ ነኝ።"

"ያንተ መሆኗንማ አውቃለሁ። ዛሬ ግን የሰጠኸኝ አንተ አይደለህም።"

ከሌባ የሚጠብቅ ስፈልግ ከባለቤቱም የሚጠብቅ አገኘሁ። በእግሬም በጭነት መኪናም ብዬ ሮቤ ስገባ ባለቤቴ ነገሩን ሰምታ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ "ነገ እንዴት ልትሄድ ነው?" አለች።

በአውቶቡስ ነዋ። አውቶቡሱ የሚነሳው ሲሞላ ነው፤ የሚሞላው ደግሞ ደስ ሲለው። ሁለት ሰዓት ሲሆን መዝገብ ያዡ ከፈረሙት ስሞች በታች ቀይ መስመር ያሰምራል፤ ከመስመሩ በታች የፈረመ ዘግይቷል። በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ ከመስመሩ በታች ዋልኩ። ቅዳሜ ሂስና ግለ ሂስ ላይ አቆሙኝ። "ጓዶች፣ ብስክሌቴ ከፈረሶችና ከአንዲት በቅሎ ጋር ናት" ብዬ ጀመርኩ። ቃለ ጉባኤ ያዡ እጁን አውጥቶ በቅሎዋም ትመዝገብ ወይ ብሎ ጠየቀ። ውሳኔው አጭር ነበር፦ ሦስተኛ ጊዜ ከዘገየሁ ወደ አንድ ሩቅ ወረዳ እዛወራለሁ። የባለቤቴ ዝውውር ደግሞ በሌላ መሥሪያ ቤት እጅ ነው። ገና ድስት ሳንገዛ ልንለያይ ነው ማለት ነው። ፈራሁ፣ ከልቤ ፈራሁ።

ሰኞ ማታ የስብሰባው ሰብሳቢ ራሱ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ይዞ ከእኔ ጋር ሽማግሌው ዘንድ ሄደ። ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። "ማኅተሙ ያምራል" አሉ። "ብስክሌቷን የሰጠኝ ግን ማኅተም አይደለም።" ሰብሳቢው ስለ ሰፊው ሕዝብ ንብረት ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። እስኪጨርስ በትሕትና አዳመጡትና "አንተ ነህ የሰጠኸኝ?" አሉት። ደብዳቤውን አጥፎ ሄደ።

እኔ ቀረሁ። ስለ ቀዩ መስመር፣ ስለ ዝውውሩ፣ ስለ ባለቤቴ ነገርኳቸው። ሰሙኝና ተነስተው አንድ ግራጫ ፈረስ ፈቱ።

"እሷ አማና ነች፤ መስጠት አልችልም" አሉ። "ይሄ ግን የራሴ ነው። ውሰደው።"

የገዛ ብስክሌቴን የነፈጉኝ ሰው ያን የመሰለ ፈረስ ሰጡኝ። ምን ልበል? በሕይወቴ ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም። ከብስክሌት የሚለየው ፍሬኑ የት እንዳለ አለመታወቁ ነው።

ግራጫው አንድ ዓመል ነበረው። ጌታው ሰላም ሳይሉ የማያልፉት ቤት ደጃፍ ሁሉ ሲደርስ ይቆማል፤ ሰላምታው ሳያልቅ አይንቀሳቀስም። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ እንኳ ገና ሦስተኛው ቤት ላይ ፀሐይ ወጣች። "አካም ቡልተ? ኢጆሌን ነጋ? ሎን ነጋ?" ይሉኛል፤ እንዴት አደርክ፣ ልጆች ደህና፣ ከብቶች ደህና? ልጅ የለኝም ስል ስለሚወለዱት ጠየቁኝ። አራተኛው ቤት ላይ አንዲት አሮጊት ስለ ገብሱ ሲጀምሩ አላስቻለኝም። "እማማ፣ ሁለት ሰዓት ካለፈ ከሚስቴ ሊለዩኝ ነው" አልኳቸው።

እስኪበቃቸው ሳቁና ማሳውን ተሻግሮ ወደሚቀጥለው ቤት በኦሮምኛ ተጣሩ። የዚያኛው ቤት ሰው ለወዲያኛው አስተላለፈ። ከዚያ በኋላ ግራጫው በቆመበት ሁሉ አንድ ሰው ደጅ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ "ነጋ፣ ነጋ፣ ዴሚ!" ብሎ የፈረሱን ታፋ መታ ያደርጋል። ደህና፣ ደህና፣ ሂድ ማለታቸው ነው። መዝገብ ያዡ የቀዩን እስክሪብቶ ክዳን ከፍቶ ሳለ ፈረምኩ።

ወሩ እንዲህ አለፈ። መንገዱ ላይ የማያውቀኝ ሰው ጠፋ። አንድ ጠዋት በግራጫው ስደርስ ያ ባልደረባዬ ከዘመቻው ተመልሶ፣ ፀሐይ አክስሎት፣ ግቢው በር ላይ ቆሟል። ብስክሌቴ ነፃ ልትወጣ ነው። ሽማግሌው ግን አልነበሩም፤ ወንዝ ወርደዋል። ባለቤታቸው ወጥተው እጃቸውን ወደ ልጓሙ ዘረጉ።

"አምጣ፣ እኔ ልሰረው።"

እጄ አልለቅም አለ።

"ይቅርታ እማማ። የተቀበልኩት ከእሳቸው እጅ ነው።"

"ይሄን ሁሉ ዘመን ሚስቱ ነኝ እኮ።"

"አውቃለሁ" አልኩ። አፌን ሰምቼ እኔው ደነገጥኩ።

ባልደረባዬ ሰዓቱን አሳየኝ። "አብደሃል? ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው። ስጣቸውና ሩጥ።" ባለቤቴ ሮቤ በር ላይ ቆማ የሸኘችኝ ታየችኝ። ልጓሙን ግን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሁለት ሰዓት ሞላ። አለፈም።

ይኼኔ ከኋላዬ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ዞር ስል መዝገብ ያዡ ነው፤ የበቅሎውን ልጓም ይዞ፣ መዝገቡን በብብቱ ሸጉጦ፣ እሱም ሽማግሌውን እየጠበቀ ነው።

"አትቸኩል" አለኝ። "እስክሪብቶው ኪሴ ውስጥ ነው።"

ሽማግሌው ከወንዝ ሲመለሱ ሁላችንም ተሰልፈን አገኙን። በቅሎዋን ከመዝገብ ያዡ፣ ግራጫውን ከእጄ ተቀበሉ፤ ብስክሌቷን ለባልደረባዬ ሰጡ፣ እሱ ለእኔ ሰጠኝ፣ እኔ መልሼ ለእሳቸው ሰጠኋቸው። ከበቅሎዋ አጠገብ አሰሯት። ከዚያ አራት እግር የሌለን ሁሉ ተያይዘን ወደ መሥሪያ ቤት ገባን፣ ተራ በተራ ፈረምን፣ ቀዩም መስመር ከሁላችንም በታች ተሰመረ።