በኖራ የተቀባው መቃብር

ቢቸና ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ድሮ ሥራዬ ጉርድ ፎቶ፣ ሰርግና ክርስትና ነበር። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ግን መቃብርም አነሳለሁ። አስተማሪ አልነበረኝም፤ ካሜራውን ራሴ እየነካካሁ እንደተማርኩት ሁሉ ይሄንንም እየሠራሁ ነው የለመድኩት። መጀመሪያ አንዲት ጎረቤቴ «የእህቴ ልጅ እዚያ ማዶ ተቀብሯል ይላሉ፤ እስቲ አንስተሽ ላኪላት፣ አይታ ይውጣላት» አለችኝ። ሄጄ አነሳሁ። ከዚያ ወሬው ካንዱ ወደ አንዱ ሄደ። ከሞጣም፣ ከደጀንም፣ ከአማኑኤልም ይደውሉልኛል።

በዚህ ጊዜ ወንድ ልጅ መንገድ ላይ ሲመላለስ «ወዴት ነህ? የማን ነህ?» ይባላል። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ዘንቢል አንጠልጥዬ ሳልፍ ገበያተኛ ናት ብለው ይተዉኛል። ሟቹ ከየትኛው ወገን እንደነበረ አልጠይቅም። ሊነግሩኝ ሲጀምሩም «እሱን ተዉት፣ ዛፉን ንገሩኝ» እላለሁ። መቃብር የማገኘው በዛፍ ነው።

የራሴ አሠራር አለኝ። መቃብሩን ብቻ አንስቼ አልሰጥም። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑን ከሩቅ አነሳለሁ፣ ቀጥሎ በሩን፣ ቀጥሎ በመቃብሮቹ መሀል የሚያልፈውን ቀጭን መንገድ፣ ከዚያ ዛፉን፣ መቃብሩን መጨረሻ ላይ። ልጅ የሞተባት ሴት ድንገት የድንጋይ ክምር ቢያሳዩዋት ትደነግጣለች። በእግሯ የመጣች ያህል ቀስ ብላ እንድትደርስ ነው። ደግሞ ምንም አልነካም። ሣር ውጦት ከሆነ ከነሣሩ፣ ከብት ገብቶበት ከሆነ ከነእበቱ አነሳለሁ። እኔ አሳምሬ ባነሳው ነገ መጥተው ሲያዩት ምን ይሉኛል?

ግን ደክሞኛል። እግሬ አይደለም የደከመው፤ መሄድስ ለምጄዋለሁ። ስልክ ሲጠራ መድከም ጀመርኩ። የማላውቀው ቁጥር ከሆነ፣ ገና ሳላነሳው ትከሻዬ ይወድቃል። ልጄ «አታንሺዋ እማዬ» ትለኛለች። እንዴት ላላነሳ?

አንድ የሞጣ ሰውዬ የደወሉ ቀንም እንደዚያው ነበር። የእህታቸው ልጅ መሞቱን አብሮት የነበረ ጓደኛው መጥቶ አርድቷል። ከቢቸና ወጣ ብላ ባለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን፣ ከምሥራቅ በኩል፣ ከአሮጌ ወይራ ሥር ቀብረውታል። ጓደኛው የምግብ ሳህን ክዳን ላይ ስሙን በምስማር ጭሮ እንጨት ላይ መትቶለታል።

«እናቱ ጉልበቷ አይሄድም» አሉኝ ሰውዬው። «እንደ ሰው ተቀብሮ እንደሆነ ትየው። ከዚያ መንገዱ ሲረጋጋ አጽሙን እናፈልሳለን። ከአባቱ ጎን ቦታው ተይዟል።»

አጽም ማፍለስ በኛ ዘንድ የታወቀ ነው። በሰው አገር የተቀበረ ሰው ጊዜው ሲደርስ ካህናት ጸልየው፣ አጽሙ ተለቅሞ፣ ወደ ተወለደበት ደብር ይገባል። ሰምቼ «ደግ» አልኩ። እኔ እስከ ፎቶው ነኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አስቤበት አላውቅም ነበር።

ቤተ ክርስቲያኗ ስደርስ ቄሰ ገበዙ ከደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ያውቁኛል።

«መጣሽ ደግሞ?» አሉኝ። «እኛን በቁም ሳለን የሚያነሳን ጠፋ እኮ።»

«እርስዎንም አነሳለሁ አባ፤ ፈገግ ካሉልኝ።»

«ጥርሱ የት አለና!» ብለው ሳቁ። የምፈልገውን ስነግራቸው ግን ሳቃቸው ቆመ። «ባለ ኖራውን ነው? ሂጂ በይ። ሴትዮዋም እዚያው ናቸው።»

በሩን አነሳሁ፣ መንገዱን አነሳሁ፣ ወይራውን አነሳሁ። ከሥሩ ያለውን ሳይ ቆምኩ። ብዙ መቃብር አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አላየሁም። ድንጋዩ እንደ ቤት ካብ ተስተካክሎ ተደርድሯል፣ ዙሪያው በኖራ ተቀብቷል፣ በአራቱም ማዕዘን እሬት ተተክሏል። የሳህኑ ክዳን ታጥቦ ያበራል፣ ስሙ ይነበባል። አንዲት ባልቴት ከጀሪካን ውኃ እያንቆረቆሩ እሬቱን ያጠጣሉ።

«ዘመዱ ነዎት?» አልኳቸው።

«አይደለሁም።» ፎቶ የማነሳበትን ስልኬን አዩት። «አታንሺው።»

«እናቱ ናቸው የላኩኝ፣ እማማ። ለማየት ብቻ ነው።»

«የዚያኛውም ለማየት ብቻ ነበር።» በእጃቸው ወደ ጎን አሳዩኝ። የተቆፈረ፣ ተመልሶ ያልተደፈነ ጉድጓድ፤ ድንጋዩ በየቦታው ተበትኗል። «አንዲት ሴት መጥታ አነሳችው። ከርሞ መኪና መጣና ወሰደው።»

ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ሳያውቁኝ ነው የሚነግሩኝ። ወይም አውቀውኛል፤ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቀስ እያሉ ነገሩኝ። የሳቸውም ልጅ ወጥቶ ሄዷል። ሞተም፣ አለም ያላቸው የለም። ይሄ የሞጣው ልጅ የተቀበረ ሰሞን ለቅሶ ደራሽ አልነበረውም፤ እሳቸው ብቻቸውን ቆመው አለቀሱለት። ቤታቸው ሲገቡ አንድ ነገር ልባቸው ውስጥ ገባ። እሳቸው የሰውን ልጅ ከጠበቁ፣ የሳቸውንም ልጅ፣ ቆስሎም ቢሆን ሞቶም ቢሆን፣ አንዲት እናት ባለበት ትጠብቀዋለች። እሳቸው ውኃ ሲያጠጡ እሷም ታጠጣለች። ስለት ነው፤ ለማንም አልተናገሩትም፣ ለአምላክ ብቻ።

«እና ይሄን ሲወስዱብኝ» አሉ፣ «የኔን ማን ይይዝልኛል?»

ከዚያ ተነሥተው ነጠላቸውን አራገፉ።

«አንሺ እንግዲህ። እናት ናት። እኔ ማን ነኝና እከለክላታለሁ?» ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። አነሳሁት። ደጋግሜ ነው ያነሳሁት።

ፎቶዎቹን አሳጥቤ ወደ ሞጣ ይዤ የሄድኩት መንገዱ ተዘግቶ ከተከፈተ በኋላ ነው። ሚኒባሱ ደብረ ወርቅ ላይ ብዙ ቆመ። ሰው ሁሉ በየመቀመጫው ተኝቷል፤ እኔ ዘንቢሌን አቅፌ፣ ምን እንደምል አስባለሁ። ስለ ባልቴቷ አልናገርም ብዬ ወሰንኩ። የኔ ነገር አይደለም። ፎቶ ሰጥቼ እመለሳለሁ።

የሞጣዋ እናት መደብ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ወንድማቸውም አሉ። እንደ ልማዴ አንድ በአንድ አቀበልኳቸው። ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለሙት። በሩን አዩ። መንገዱን በጣታቸው ተከተሉት። ወይራው ላይ ሲደርሱ ትንፋሻቸው ተቀየረ። መቃብሩን ከሰጠኋቸው በኋላ ግን አላለቀሱም። ፎቶውን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት፣ አዩት።

«ኖራውን የቀባው ማነው?»

ዘንቢሌን ማስተካከል ጀመርኩ።

«ይሄስ ጀሪካን የማነው?»

ጀሪካኑ በፎቶው ጥግ ገብቷል። አላየሁትም ነበር። ያንን ያህል ደጋግሜ ሳነሳ አይቼው ቢሆን፣ ምንም አልነካም የምለው እኔም ገፋ አደርገው ነበር።

«ሣር አጭደውለትም ይሆናል እኮ፣ የሰፈሩ ሰዎች» አሉ ወንድምየው። «ምን አስጨነቀሽ? ለማንኛውም እናመጣዋለን።»

«አንተ ቆይ» አሏቸው። ዓይናቸውን ከኔ ላይ አልነቀሉም። «ንገሪኝ ልጄ።»

ነገርኳቸው። የወሰንኩት ሁሉ እዚያው ቀረ። ስለቱንም፣ ጉድጓዱንም፣ «የኔን ማን ይይዝልኛል» ያሉትንም ነገርኳቸው። ወንድምየው መሬት መሬት ያያሉ። ስጨርስ እናትየው የሚያለቅሱ መስለውኝ ነበር፤ ተቆጡ እንጂ።

«ስሙን ጠየቅሻት?»

«የማንን?»

«የልጇን ነዋ! የክርስትና ስሙን። ያለዚያ በምን ላስጸልይለት?»

አልጠየቅኩም። የአገሩ ልጅ ሆኜ፣ ያን ያህል ተቀምጬ ሳዳምጥ፣ ቀድሞ የሚጠየቀውን አልጠየቅኩም። «እመለሳለሁ፣ እጠይቃቸዋለሁ» አልኩ።

«ስትጠይቂያት ተጠንቀቂ» አሉኝ፤ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «የክርስትና ስም ሲሏት መርዶ የመጣ ይመስላታል። ለቁም ጸሎት ነው በያት። ለሙት አይደለም። ቀድመሽ እሱን በያት፣ ከዚያ ጠይቂ።»

«አጽሙስ?» አሉ ወንድምየው።

«ይቆይ።»

«እስከ መቼ?»

«የልጇ ወሬ እስኪሰማ።» ፎቶውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «እኔ ቢያንስ ያለበትን አወቅሁ። እሷ ምን አላት?»

ሰውዬው ቦታው እንደተያዘ፣ ለካህናቱም እንደተነገረ አንሥተው ትንሽ ተከራከሩ። እናትየው ከዚያ በኋላ የተናገሩት፣ እሬት ውኃ ሲበዛበት ሥሩ እንደሚበሰብስና ለሴትዮዋ እንድነግርላቸው ብቻ ነበር።

ተመልሼ ባልቴቷን ያገኘኋቸው እዚያው መቃብሩ ዘንድ ነው። ከሩቅ ሲያዩኝ ቆሙ፤ ከኋላዬ መኪና ይኖር እንደሆነ በትከሻዬ ላይ አሻግረው አዩ።

«ብቻዬን ነኝ» አልኩ። «ለቁም ጸሎት ነው የመጣሁት።»

እንደታዘዝኩት ቀድሜ እሱን አልኩ፤ ከዚያ ሁሉንም። ሲሰሙኝ መቃብሩን ተደግፈው ነበር። የልጃቸውን የክርስትና ስም ነገሩኝ። ደገምኩት፣ አረሙኝ፣ እንደገና ደገምኩት። ያንን ስም ከልጃቸው ጋር ከተለያዩ ወዲህ በሌላ ሰው አፍ ሰምተውት እንደማያውቁ ከፊታቸው አየሁ።

«ይቆይ አለች?» አሉ በመጨረሻ።

«ይቆይ አሉ።»

«ይቆይ ማለት ቀረ ማለት አይደለም።»

«አይደለም፣ እማማ።»

ላታልላቸው አልፈለግኩም። ደግሞም ጉልበት አልነበረኝም። ራሳቸውን ነቀነቁና ጎንበስ ብለው ከካቡ የወጣች አንዲት ድንጋይ ወደ ቦታዋ መለሱ። ዝናቡ ኖራውን አጥቦት ነበር። ከቤታቸው ጓሮ ሌላ ኖራ በጥብጠው ማስቀመጣቸውን ነገሩኝ፤ ማምጣት ከብዷቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ከበደኝ እንጂ» አሉ። ሄጄ ባልዲውን አመጣሁላቸው። እሳቸው በላይ በኩል፣ እኔ በግርጌ በኩል ሆነን ቀባን። ስልኬ ዘንቢሌ ውስጥ ሲጠራ ሰማሁት፤ እጄ በኖራ ተለውሶ ነበርና አላነሳሁትም።