ሠራተኛ የሚሆን ጠፋ

ሮም ውስጥ ሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች ሐሙስ ከሰዓት እናርፋለን። ዘፋኞች የሚመረጡበት ቀን ሐሙስ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ቦታው ኤስኲሊኖ፣ ከገበያው ጀርባ ያለ የሰፈር አዳራሽ። አንድ ጡረታ የወጣ ጣሊያናዊ የሙዚቃ መምህር አስቂኝ ኦፔራ ጽፎ፣ ከእናንተ ከሐበሾቹ ሴቶች ጋር ካልሆነ አልሠራውም ብሎ ድርቅ አለ። አስተርጓሚም አስተባባሪም እኔ ነኝ። ክፍያ የሌለው ሹመት መቼም እኔን አይስተኝም።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንዲት ሠራተኛ ዕረፍት የከለከለቻትን እመቤት ሰው ሠራሽ ጥርስ ትደብቅባትና፣ እስክትፈቅድልኝ ድረስ አልመልስም ትላለች። ጥሩ ጥሩው ዜማ ሁሉ የሠራተኛዋ ነው፤ እመቤቲቱ ስትጮህ ነው የምታመሸው። መምህሩ ሴቶቹ ሠራተኛዋን ለመሆን እንዳይጣሉ ሰግቶ ነበር። ምስኪን።

የመጀመሪያዋ ገባችና እመቤቲቱን ነው የምሆነው አለች። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛዋ በዚያ ሙቀት የአሠሪዋን የፀጉር ካፖርት ደርባ መጣች፤ አሠሪዋ ታውቅ እንደሆነ አልጠየቅናትም። አንዷ ነፋስ መታኝ፣ መስኮቱን ዝጊ እያለች አዜመች። ሌላዋ ፓስታው ከመጠን በላይ በስሏል ብላ ሲቃ እስኪይዛት አንጎራጎረች። ሁሉም የየራሷን ሲኞራ፣ የአሠሪዋን፣ አመል ይዛ ስለመጣች አዳራሹ በአሮጊት ጣሊያናውያን ተሞላ። ሠራተኛዋን ሞክሪ ያልኳት አንዲት ልጅ ዓይኗን አፍጥጣ፣ «ሳምንቱን ሙሉ ሆኛት የለ እንዴ? ዛሬ እኮ ዕረፍቴ ነው» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ወለል እየወለወልኩ እመቤቲቱን ስለማመዳት ነበር የከረምኩት።

መምህሩ ራሱን ይዞ፣ አሎራ፣ እንግዲህ ዛሬ ሠራተኛ ካልተገኘች ነገሩ ይቅር አለኝ። ከፋኝ። ስንገናኝ ከወገብ ሕመምና ከፔርሜሶ፣ ከመኖሪያ ፈቃድ፣ ሌላ የምናወራው ነገር እንዲኖረን ፈልጌ ነበር።

በመጨረሻ እትዬ ገቡ። ከሁላችንም ታላቅ ናቸው፤ አብዛኞቻችንን ሥራ ያስገቡን እሳቸው ናቸው። ግማሽ ዕድሜያቸውን ያስታመሟት ሲኞራ አምና ሞታባቸዋለች። ቦርሳቸውን እንደያዙ መሐል ቆሙና፣ «እኔ ሠራተኛዋን እሆናለሁ» አሉ።

እርስዎማ ዛሬ እንኳ ይረፉ፣ እመቤት ይሁኑ ብዬ ለመንኳቸው።

«ሴትዮዋን አልወዳትም ነበር» አሉኝ ቀስ ብለው። «ግን እሷ ከሞተች ወዲህ በስሜ የጠራኝ ሰው የለም። እናንተ እንደሆናችሁ እትዬ ነው የምትሉኝ።»

በአክብሮት ብዛት ስማቸውን እንደቀማናቸው አስቤው አላውቅም።

መምህሩ፣ እሳቸው በሩ ጋ ይቁሙና እመቤቲቱ ትጥራቸው አለ። ማን ይጥራ? ቅድም ጣሪያ ሲነቀንቁ የነበሩት እመቤቶች ሁሉ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። ታላቅ ሰው ላይ፣ ያውም በባዶ ስም፣ ማን ይጮሃል? ባለካፖርቷ ካፖርቱን አውልቃ አጣጠፈች። ዕዳው እኔው ላይ ወደቀ።

«እትዬ...» ስል፣ አይሆንም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዓይኔን ጨፍኜ፣ የራሴ ሲኞራ እኔን በምትጠራበት ድምፅ፣ ስማቸውን ብቻ ጠርቼ ጮህኩ። ተቀምጠው ከነበሩት ሴቶች ግማሾቹ ከልማድ ብድግ አሉ። እትዬ ግን አልቸኮሉም። «ኤኮሚ፣ ሲኞራ፣ መጣሁ» እያሉ በዜማ፣ እኔ እስካለሁበት ድረስ መጡ። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላቸው ማናችንም አናውቅም ነበር። መምህሩ ማጨብጨብ ጀመረ። እኔ እንባዬ መጣ፤ ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ከፈትኩ።

እሳቸው ግን ፊታቸውን አዙረው ወደ በሩ ተመለሱ።

«ድገሚልኝ» አሉ።