ያጠብኩት የአክታ ዕቃ

ባለቤቴን ሳሉ ተመልሶ የያዛት ማሽላው ሳይታጨድ ነው። ከዓመታት በፊት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጨርሳ ድና ነበርና፣ ደንግጬ ከመንደራችን ከጨፋ ወደ ከሚሴ ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩ። አክታዋን በማይክሮስኮፕ አይተው ምንም አላገኙበትም። የላብራቶሪዋ ሴትዮ ግን ሳሏን ሰምታ ልቧ አላመነም።

«አባባ፣ ጀርሙ ትንሽ ከሆነ በዚህ አይታይም። ደሴ ልከን እናስበቅለው። ካልቸር ይባላል። የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለውም ያኔ ይታወቃል፤ በግምት ሌላ መድኃኒት አንጀምርም።»

«ስንት ቀን ይፈጃል?»

«እስከ ሁለት ወር።»

«ወላሂ? ጤፍ እንኳ በሳምንት ብቅ ይላል እኮ!»

«ይሄ ሰነፍ ዘር ነው» ብላ ሳቀች። ጠዋት እንደነቃች አክታዋን የምትተፋበት ክዳን ያለው ዕቃም ሰጠችን።

እኛ ዘንድ ከሰው ቤት የመጣ ዕቃ ሳይታጠብ አይነካም። የሐኪም ቤት ዕቃ ደግሞ ስንቱ ተፍቶበት ይሆን ብዬ፣ ለንጋቱ የሱብሂ ሶላት ውዱእ ካደረግሁ በኋላ በማንቆርቆሪያው ውስጥ በቀረው ውሃ ሦስቴ አለቅልቄ ሰጠኋት። ውሃው ከቦርከና ወንዝ የተቀዳ ነው። ለማንም አልነገርኩም፤ ዕቃ ማጠብ ምኑ ይወራል?

ከዚያ በየገበያው ቀን ከሚሴ መመላለስ ሆነ። የሐኪም ቤቱ ዘበኛ በኦሮምኛ «ነጋ ቡልተኒ?» ብሎ እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቀኛል። «ፈያዳ፣ ደህና ነኝ፤ ውጤቱስ?» እለዋለሁ። «አልመጣም።» ቤት ስመለስ እሷ ጀሪካን ማንሳት አቅቷታል።

በስንት ደጅ ጥናት ውጤቱ መጣ።

«አባባ፣ ተበላሽቷል። ሌላ ነገር በቅሎ ዋጠው፤ አረም በሉት። ዕቃው ውስጥ የገባ ነገር አለ?»

«ምን ይገባል? አጥቤው!»

ሴትዮዋ ግንባሯን ያዘች። «ከጀርም የጸዳ ዕቃ እኮ ነበር፣ አባቴ፤ የበቀለው የውሃው ጀርም ነው። እንዳይታጠብ አለመንገሬ የእኔም ጥፋት ነው።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ሁሉ ሳምንት ያመላለሰኝን ሰው ስራገም ከርሜ፣ ሰውየው እኔው ሆኜ ተገኘሁ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። «ያን ሁሉ ሳምንት የሳልኩት በአንተ ንጽህና ነው? አንተ ሰውዬ፣ ጀነት ስትገባም በሩን አጥቤ ካልገባሁ ትላለህ!» አለችኝ። ሳቋ ወደ ሳል ተቀየረና ጎንበስ አለች፤ ጀርባዋን ያዝኩላት።

በሁለተኛው ዙር ዕቃውን በእጄም አልነካሁት። ደግሞ ሌላ ሁለት ወር ተጠበቀ። ጀርሙ በቀለ፤ የሚገድለው መድኃኒትም ታወቀና ጀመረች። አልሃምዱሊላህ፣ ሳሉ ለቀቃት። ትንፋሿ ግን እንደ ድሮው አልሆነም፤ ዳገት ላይ ሦስት አራት ጊዜ ትቆማለች።

የላብራቶሪዋን ሴትዮ አንድ ቀን ጠየቅኋት፦ «የመጀመሪያው ባይበላሽ ኖሮ ሳንባዋ ይተርፍ ነበር?»

«አላህ ያውቃል፣ አባባ» አለችኝ። ዓይኔን ግን አላየችኝም።