ጣቴና የኦቦ ጃርሶ ስልክ

ይህ የሆነው የዛሬ ሦስት ዓመት በበጋ፣ ነገሌ ቦረና ውስጥ ስልክ በምጠግንባት ጠባብ ሱቄ ነው። ዛሬም ስለ ሙያዬ ላወራ አፌን ስከፍት ትዝ ይለኝና መልሼ እዘጋዋለሁ።

ያኔ ከአዲስ አበባ ልዩ ሙጫ አስመጥቼ ነበር። ብርሃን እስካላገኘው እንደ ዘይት ይንሸራተታል፤ ሐምራዊው መብራት ሲበራበት ግን ወዲያው ይደርቃል። የፈለሰፈው ሰው እንኳ የእኔን ያህል የኮራበት አይመስለኝም።

አንድ ረፋድ ከብት አርቢው ሽማግሌ ኦቦ ጃርሶ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይዘው መጡ። ያቤሎ ያገባችው ልጃቸው ሐኪም ቤት ምጥ ላይ ነች። አማቻቸው ሊደውል ነው፤ ስልኩ ደግሞ ቢነኩት ቢነኩት አልነሳ ብሏል።

"ቶሎ አድርስልኝ፤ ሆዴ ፈርቷል" አሉኝ።

"ይቀመጡ አባባ፣ ለእኔ ይተዉት" አልኩ፤ ጉራዬ መች ይለቀኛል።

አዲሱን መስታወት በሙጫው አስቀምጬ ሐምራዊውን መብራት ላበራ ስል ኤሌክትሪክ ጠፋ። የነገሌ ፀሐይ እያለች መብራት ምን ያደርጋል ብዬ መስታወቱን በአውራ ጣቴ ጫን እንዳልኩ በር ላይ ወጣሁ። ሙጫው ጣቴ ሥር ፈስሶ በፀሐይዋ መድረቁን ያወቅኩት ጣቴን ላነሳ ስል ነው። ብጎትት አዲሱ መስታወት አብሮ ሊነሳ ነው።

በዚህ መሃል ስልኩ ጠራ።

በሌላው እጄ አነሳሁት። ድምፅ ማጉያው ስለማይሠራ የተለጠፈውን እጄን ከነስልኩ በኦቦ ጃርሶ ጆሮ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ። በእነሱ ወግ ደግሞ ሰላምታ ሳያልቅ ወሬ አይነገርም።

"ናጋ? ወርሪ ናጋ? ሎን ናጋ?"

ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ግመሉ፣ ሣሩ፣ ዝናቡ ሁሉ ሰላም መሆኑ ተጠየቀ። ኦቦ ጃርሶ አንዱንም አልዘለሉም። ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ፤ በልቤ ግን "ልጅቷስ?" እያልኩ ነበር።

በመጨረሻ እንባቸው እጄ ላይ ወረደ።

"ወለደች! ሁለቱም ደኅና ናቸው" አሉኝ።

ከዚያ ምርቃቱን አወረዱብኝ። ለሽማግሌ ጎንበስ ብሎ ስልክ የሚይዝ ልጅ ይባረክ፣ ዘሩ ይብዛ፣ ደጁ ይልማ አሉ። እኔም ሳላፍር አሜን አልኩ። ሲጨርሱ ስልካቸውን ሳብ ቢያደርጉ እጄ አብሮ መጣ።

"ተጣብቄ ነው አባባ" አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ጎረቤቴ ጸጉር ሠሪዋ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አምጥታ ስታላቅቀኝም አላቆሙም።

"እንግዲህ ምርቃቱን ይመልሱት" አልኳቸው።

"ምርቃት ከአፍ ከወጣ አይመለስም" አሉ። "ሳይገባህ ወስደሃል፤ አሁን የሚገባህ ሁን።"

ይኸው ሦስት ዓመት እየሞከርኩ ነው። አንዳንድ ቀን የተሳካልኝ ይመስለኛል።