የእትዬ ዝናሽ አቋቋም

ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ባለፈው ሳምንት ሞጣ ላይ በመምህራን ስልጠና አሠልጣኙ፣ "በቀኝ እጃችሁ የግራ ጉልበታችሁን ምቱ፤ የተማሪን ሐሳብ ይሰበስባል" ብሎ አስነሣን። ያ ሁሉ ጎልማሳ ጉልበቱን እየመታ ሲስቅ እኔ እንባዬ መጣ። ድምፁን የማውቀው ቢቸና፣ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው።

እትዬ ዝናሽ ወጣት መምህራችን ነበሩ። የሰማያዊ ሹራባቸው እጅጌ በጠመኔ እንደነጣ ነበር። እኔ ክፍሉን እየደገምኩ ነው፤ "ለ" እና "ሰ" ይምታቱብኛል፣ መስመሩ ይጠፋብኛል። አባቴም "ዘንድሮ ካላነበብሽ ትምህርቱ ይብቃሽ" ብሎኛል። ይህን ስነግራቸው ከንፈራቸውን መጠጡ። በማግስቱ ክፍሉን በሙሉ አስነሡና "አቋቋም!" አሉ። አቋቋማችሁን አስተካክሉ ማለታቸው ነበር። ከዚያ በቀኝ እጅ የግራ ጉልበት፣ በግራ እጅ የቀኝ፤ በየምቱ አንድ ፊደል። እኔማ ግራና ቀኜ ጠፍቶብኝ የአጠገቤን ልጅ ጉልበት እመታ ነበር! ግን እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ቀስ በቀስ ፊደሎቹ ረጉልኝ።

አባቴ መሪጌታ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ "ዛሬ ምን ተማራችሁ?" አለኝ።

"አቋቋም።"

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። እሱ መቋሚያና ጸናጽል ተይዞ የሚዜመውን የቤተ ክርስቲያን አቋቋም ለመማር ስንት አገር ተንከራቷል።

"ማን አስተማረሽ?"

"እትዬ ዝናሽ።"

"ሴት? እስቲ አሳዪኝ!"

ተነሥቼ ጉልበቴን ጧ ጧ አደረግሁት። "በስመ አብ!" አለ።

በማግስቱ አባቴ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባ፤ እትዬ ዝናሽም ተጠሩ። እኔ በመስኮት አዳምጣለሁ።

"መሪጌታ፣ እኔ እኮ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ ማለቴ ነው" አሉ እትዬ ዝናሽ።

"ታዲያ ቁሙ በያቸው! አቋቋም የልጅ መጫወቻ ነው?"

ርእሰ መምህሩ ነገር ለማብረድ ብለው እንቅስቃሴውን ከለከሉ። ምን እንዳጠፋሁ ግራ ገባኝ። የተማርኩትን ነው የተናገርኩት፣ አልዋሸሁ። እትዬ ዝናሽ ሲወጡ አዩኝ፤ አልተቆጡም። ምነው በተቆጡኝ ብዬ ተመኘሁ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ጉንደ ወይን ተዛወሩ።

ፈተና ሲቃረብ አባቴ መጽሐፌን ዘርግቶ "አንብቢ" አለኝ። ፊደሎቹ እንደገና ተደበላለቁ። ሳላስበው እጄ ወደ ጉልበቴ ሄደ፤ አየኝና ደንግጬ ሰበሰብኩት።  አባቴ መጽሐፉን አንሥቶ ፊቴ ያዘልኝ።

"ተነሺ። እንዳስተማረችሽ አድርጊው።"

ቆምኩ። እየመታሁ፣ እየተንተባተብኩ ገጹን ጨረስኩ። አባቴ ፊቱን በጋቢው ጠረገ። "አሁን ያችን ልጅ በምን ዓይኔ አያታለሁ?" አለ።

ሄዶ ይቅርታ ጠይቋቸው እንደሆነ አላውቅም። የተዛወሩት በእኔ አፍ ይሁን በራሳቸው ጉዳይ፣ ይህም እስከ ዛሬ ግራ እንዳጋባኝ አለ። አባቴ ግን አሁን በእርጅናው ፊደል የሚያስቆጥራቸው የሰፈር ልጆች ሲፈዙበት ያስነሣና ጉልበታቸውን ያስመታቸዋል። ምን እንደሚባል ሲጠይቁት "የዝናሽ" ይላቸዋል።