መጀመሪያ ለእንግዳ

በድሪዬ አንድ ለእናቷ ነበረች፤ ይህንንም አሳምራ ታውቀዋለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእሳቱ ዳር፣ የእናቷ ጭን፣ የዳቦው ቅርፊት የእሷ ብቻ ነበር። አባቷ ሬጀፕ ከክሩያ ገበያ ሲመለስ በዕድሜ ትንሽ የምትበልጣት አንዲት ከሲታ ልጅ በቅሎው ላይ አስቀምጦ የመጣ ዕለት ይህ ሁሉ አበቃ።

ልጅቱ ኤስትሬያ የምትባል አይሁዳዊት ናት። ወላጆቿን በጦርነቱ ጀርመኖች ከፕሪሽቲና ከተማ ወስደዋቸዋል። ሬጀፕ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ስምሽ ለቢቤ ነው፤ ሰው ከጠየቀ የእኔ ልጅ ነሽ" አላት። መንደሩ በሙሉ እውነቱን ያውቃል፤ መንደሩ በሙሉ አፉን ይዟል። ቃል የተገባለትን እንግዳ አሳልፎ የሰጠ ቤት በዚያ ተራራ ላይ ሰው አይባልም።

እንግዳ ደግሞ ከልጅ ይቀድማል። ስለዚህ ምንጣፉ ለለቢቤ፣ አዲሱ የሱፍ ካልሲ ለለቢቤ፣ ከበቆሎው ዳቦ የመጀመሪያው ቁራሽ ከነቅቤው ለለቢቤ። እናቷ ዙበይዴ "ብዪ ዓለሜ" ስትላት በድሪዬ ጥርሷን ታፋጫለች።

"እማ፣ እኔንም እኮ ራበኝ።"

"አንቺ የቤት ልጅ ነሽ፤ ትደርሽበታለሽ።"

ለቢቤም አስቀየመች እንዳትባል ሁሉን በምስጋና ትቀበላለች፤ ይህ ትሕትናዋ በድሪዬን ይበልጥ ያንጨረጭራታል። አንድ ቀን ለጀርመኖች ያደሩ ፖሊሶች በምንጩ በኩል ሲያልፉ፣ "አንድ ቃል ብተነፍስ ትሄድልኛለች" ብላ አሰበች። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። የአባቷን ፊት አስታውሳ ዋጠችው፤ መዋጧ አልቆጫትም ማለት ግን ውሸት ነው።

በሰኔ ሬጀፕ ከበጎቹ ጋር ተራራ ላይ ሳለ ከፖሊሶቹ አንዱ በምሳ ሰዓት ደጁን አልፎ ገባ። እሱም የተራራ ሰው ነው። ዙበይዴ ዳቦ ስታቀርብለት በእጁ መለሳት፤ የቀመሰበትን ቤት መበደል ነውር መሆኑን ያውቃላ!

"እትዬ፣ እኔ በልቻለሁ። ልጆቹን አብያቸው። ሁለቱም ያንቺ ናቸው?"

"ሁለቱም" አለች ዙበይዴ።

ሰውየው በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ከእጇ ላይ አልነቀለም። ዙበይዴም ዳቦውን ቆረሰች፣ ቅቤ ቀባችና፣ እንግዳን የማስቀደም ልማድ ሆኖባት መጀመሪያ ለለቢቤ ዘረጋች።

"ኧረ?" አለ ፖሊሱ ቀስ ብሎ። "በየትኛው ቤት ነው ታናሽ እያለች ታላቅ እንዲህ በቅቤ የምትቀድመው? ይቺ እንግዳ ናት እንዴ?"

ዙበይዴ ደሟ ከፊቷ ሸሸ። በድሪዬ ግን ፖሊሱንም አልሰማች፣ እናቷንም አላየች። ያየችው ዳቦውን ብቻ ነው። ዘላ ነጠቀቻት።

"ሁልጊዜ ለእሷ! ሁልጊዜ! እኔስ እናት የለኝም?"

ጥፍሯን በለቢቤ ክንድ ላይ ተከለችው። ለቢቤ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ወዲያው በድሪዬን በጸጉሯ ጎትታ መሬት ላይ ጣለቻት። ያቺ ትሑት እንግዳ! ቅቤው ምንጣፉን አዳረሰው፤ ሁለቱም እየተናከሱ ይጮኻሉ።

ፖሊሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። "የእኔም ቤት እንዲሁ ነው! በይ ገላግያቸው፤ እነዚህስ እህትማማቾች ናቸው" ብሎ ወጣ። ምቀኛ አታሳጣኝ የሚሉት ለካ ይህን ኖሯል።

ሰውየው ከዓይን ሲርቅ ዙበይዴ በድሪዬን አቅፋ ታለቅስ ጀመር። "ብልኋ ልጄ! እንዴት አሰብሽው? አዳንሽን!" አለቻት። በድሪዬ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። ነገር ግን እናቷ እንዲህ ካቀፈቻት ብዙ ወራት አልፈው ነበር፤ ስለዚህ ዝም አለች። አባቷ ሲመለስ አወደሳት፣ መንደሩ አወደሳት፤ እሷም ተሸለመችበት።

እውነቱን የምታውቅ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ ያ ጥፍር የውሸት እንዳልነበር ክንዷ ይመሰክራል። ጦርነቱ አልቆ አጎቷ ሊወስዳት በመጣ ጊዜ ለቢቤ በተሰበሰበው ሰው ፊት ቆማ፣ "እኔን ያተረፈችኝ የበድሪዬ ብልሃት ናት" አለች። ከዚያ ጠጋ ብላ በጆሮዋ፣ "አይዞሽ፣ ለማንም አልናገርም" አለቻት።

በድሪዬ ያን ዕለት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ሰው ሁሉ የናፍቆት መሰለው። ዛሬ አሮጊት ሆናም ነገሩ ሲነሳ ፊቷ ይጠቁራል። "በደግነትም በለጠችኝ እኮ፣ ያቺ ልጅ!" ትላለች።